ጀግናን ማን ይጠይቀዋል?

ክፉ የሠራ ሰው ስለ ሥራው መጠየቅ እንዳለበት የማይስማማ የለም። ሌባ ይያዛል፤ ነፍሰ ገዳይ ለፍርድ ይቀርባል፤ ቃሉን ያጠፈም ይወቀሳል። በዚህ ነገር ሽማግሌውም ልጁም ቃላቸው አንድ ነው። ጭንቁ የሚመጣው ጥያቄው ወደ መልካም አድራጊው ሲዞር ነው። ሌላውን ለማዳን የሮጠ፥ ዋጋ ያልተቀበለ፥ ሕይወቱን ለአደጋ አሳልፎ የሰጠ ሰው ሥራው ተበላሽቶ በሌሎች ላይ ጥፋት ቢያመጣ፥ «ለምን እንዲህ አደረግህ? አደራውንስ ማን ሰጠህ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋልን? ወይስ የልቡ ቅንነት ከጥያቄ ሁሉ ነጻ ያወጣዋል?

ይህ ነገር የፈላስፎች ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ወጣት ሁሉ በየዕለቱ የሚገናኘው ጥያቄ ነው። የተጣሉትን ለመገላገል ገብቶ ጠቡን ያባባሰ፥ በሽተኛውን ልርዳ ብሎ የማያውቀውን መድኃኒት የሰጠ፥ «ለእርሱ ብዬ ነው» እያለ የጓደኛውን ምስጢር ያወጣ፥ እነዚህ ሁሉ ክፋት አላሰቡም። ሆኖም በሥራቸው ሌላ ሰው ተጎዳ። እንግዲህ ስለ እነርሱ ምን እንበል?

ይህን ጥያቄ አጥብቆ ያነሣ አንድ ሥራ የሚገኘው ብዙ ሰው በማይጠረጥረው ስፍራ፥ ማለት በሥዕል በሚነገር የጀግኖች ታሪክ ውስጥ ነው። በአሜሪካ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ኮሚክ ይሉታል፤ ታሪኩ በተከታታይ ሥዕሎች ሲነገር የሰዎቹ ቃል በየራሳቸው አጠገብ ተከብቦ ይጻፋል። ማርቬል የተባለው የኒው ዮርክ አሳታሚ ድርጅት በ1998 ዓ.ም.፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006፥ «ሲቪል ዎር» ማለት «የእርስ በርስ ጦርነት» የተሰኘ በ7 ክፍል የተከፈለ ታሪክ ማውጣት ጀመረ። ደራሲው የስኮትላንድ ተወላጅ ማርክ ሚላር፥ ሠዓሊው የካናዳ ተወላጅ ስቲቭ ማክኒቨን ናቸው። በ2016ም ከዚሁ ታሪክ የተወሰደ፥ ብዙ ነገሩ ግን የተለወጠ ፊልም ወጥቶ በዓለም ሁሉ ታይቷል። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኛ የምንመለከተው ግን በተለይ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ክፍል ነው፤ የጠቡ ዘር የተዘራው በእርሱ ውስጥ ነውና።

«ይህ የልጆች መጫወቻ ነው፤ ከእርሱ ምን ቁም ነገር ይገኛል?» የሚል ቢኖር፥ አባቶቻችን አንበሳንና ቀበሮን እያናገሩ ስለ ፍርድና ስለ ግፍ ያስተማሩን መሆኑን ያስታውስ። የሚበርር ሰው እውነት አይደለም፤ አንበሳም አማርኛ አይናገርም። ነገሩ ግን ስለ ሰው ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። መጽሐፉ በሚገልጸው ዓለም አንዳንድ ሰዎች ከሌላው የበለጠ ልዩ ኀይል አላቸው። የሚበርሩ፥ ከሰውነታቸው እሳት የሚያወጡ፥ ብረት የሚያጣምሙ አሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ፊታቸውን በጭምብል ሸፍነው፥ ስማቸውን ደብቀው፥ ማንም ሳያዛቸው ወንጀለኞችን ያድናሉ። «ኒው ዋሪየርስ» ማለት «አዲሶቹ ተዋጊዎች» የሚባሉ ወጣቶች ከእነዚህ ወገን ናቸው። ልዩነታቸው ግን የቴሌቪዥን ካሜራ እየተከተላቸው መሥራታቸው ነው። ውጊያቸው ተቀርጾ ለሕዝብ ትርዒት ይሆናል፤ የተመልካቹም ቁጥር መብዛትና ማነስ ያሳስባቸዋል።

አንድ ቀን ከኒው ዮርክ ብዙ በማይርቀው በኮኔቲከት ግዛት፥ ስታምፎርድ በተባለች ከተማ፥ በሕግ የሚፈለጉ አራት ወንጀለኞች በአንድ ቤት ውስጥ መኖራቸውን አወቁ። ከወጣቶቹ መካከል እነዚህ ሰዎች ከአቅማችን በላይ ናቸው ብሎ የተናገረ ነበረ። ነገር ግን ውጊያው ቢቀረጽ ትርዒታቸውን ዝነኛ እንደሚያደርገው ባሰቡ ጊዜ ጥንቃቄው በምኞት ተሸነፈ። ገቡ።

ከወንጀለኞቹ አንዱ ናይትሮ ይባላል። የእርሱ ኀይል የገዛ ሰውነቱን እንደ ፈንጂ ማፈንዳት ነው። ከወጣቶቹ አንዷ ናሞሪታ አሳድዳ ደርሳበት ከአንድ የተማሪዎች አውቶቡስ ጋር አላተመችው። ስፍራው ልጆች የሚጫወቱበት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጠገብ ነበረ። ናይትሮ ፈነዳ። ትምህርት ቤቱና በዙሪያው የነበረው ሰፈር ጠፋ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ።

እዚህ ላይ ፍርዳችን እንዳይጣመም ሁለት ነገር ለይተን እንመልከት። ነፍሰ ገዳዩ ናይትሮ ነው። ልጆቹን ያየ፥ ኀይሉንም የሚያውቅ፥ አውቆ የፈነዳ እርሱ ነው። ወጣቶቹን ከእርሱ ጋር እኩል መክሰስ ግፍ ይሆናል። ነገር ግን «ገዳዩ ሌላ ነው» ማለት «እኛ ንጹሓን ነን» ማለት አይደለም። ከጎረቤቱ ቤት አጠገብ እሳት የሚያነድድ ሰው፥ ቤቱን ያቃጠለው ነፋሱ ነው ብሎ ሊያመልጥ አይችልም። ነፋስ መኖሩን አስቀድሞ ሊያስብ ይገባው ነበርና።

እስኪ እናስብ። ካሜራ ባይኖር ኖሮ እነዚያ ወጣቶች ምን ያደርጉ ነበር? ምናልባት ቤቱን ከሩቅ ይጠብቁ ነበር። ከእነርሱ የበረታ ወዳለበት ይልኩ ነበር። ልጆቹ ወደየቤታቸው እስኪገቡ ድረስ ይታገሡ ነበር። ወንጀለኞቹን ለመያዝ መፈለጋቸው መልካም ነው፤ ድፍረታቸውም የሚነቀፍ አይደለም። ጥፋቱ የገባው በመልካሙ ሥራ ላይ ሌላ ጌታ በመሾሙ ነው። ልታይ ባይ ሰው መልካም ሥራን አይተውም፤ ነገር ግን ጊዜውንና ስፍራውን የሚመርጥለት የተመልካቹ ዓይን እንጂ የተቸገረው ሰው ችግር አይሆንም። ስለዚህ እጁ ለሌላው ሲሠራ ልቡ ለራሱ ይሠራል፤ ሁለቱም የተጣሉ ዕለት የሚያሸንፈው ልቡ ነው።

ይህ ከታሪኩ ዓለም ውጭ ያለ ለእኛም ቅርብ የሆነ ነገር ነው። መጽሐፉ በወጣበት ጊዜ ትርዒት ለመሥራት የቴሌቪዥን ድርጅት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ግን ካሜራው በእያንዳንዱ ወጣት ኪስ ውስጥ ባለው ስልክ ውስጥ ገብቷል። ለድኻ ምሳ የሚያበላ፥ እያበላ ደግሞ የድኻውን ፊት ለሺሕ ሰዎች የሚያሳይ አለ። የተራበው ሰው መጥገቡ መልካም ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ምጽዋቱን ሲቀበል ፊቱ በአደባባይ እንዲታይ ማን ጠየቀው? እንጀራውን የሰጠው ሰው ክብሩን ወስዶበት እንደ ሆነስ? ከስታምፎርድ ጋር ሲተያይ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ የጥፋቱ መንገድ ግን ያው ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ከጥፋቱ በኋላ ለሟቾቹ የመታሰቢያ ጸሎት ተደረገ። ወደዚያም ቶኒ ስታርክ መጣ። እርሱ ትልቅ ባለጠጋና መሐንዲስ ነው፤ ራሱ የሠራውን የብረት ልብስ ለብሶ የሚዋጋ፥ «አይረን ማን» ማለት «የብረት ሰው» ተብሎ የሚጠራ ጀግና ነው። በስታምፎርድ አልነበረም፤ ወጣቶቹንም አልላካቸውም። ነገር ግን ልጇ የሞተባት ሚርያም ሻርፕ የተባለች እናት ፊቱ ላይ ተፋችበት። የክስዋም ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ እናንተ ታላላቆቹ ልዩ ልብስ የለበሰ ሁሉ ከሕግ ውጭ ሊኖር ይችላል ብላችሁ ታናናሾቹን አስተማራችኋቸው፤ ገንዘብ ያወጣህላቸው፥ ምሳሌ የሆንህላቸው አንተ ነህ፤ ልጄም የሞተው በዚህ ትምህርታችሁ ነው።

የዚህች እናት ቃል ትክክል ነውን? ስታርክ ልጅዋን ገደለ ማለት እውነት አይደለም። ነገር ግን በቃልዋ ውስጥ ሊሸሹት የማይቻል እውነት አለ። ታላቅ ሰው በሥራው ብቻ ሳይሆን በምሳሌነቱም ይጠየቃል። አንድ በልምድ የበሰለ ሰው ሕግ ሳይጠብቅ መቶ ጊዜ ሠርቶ መቶ ጊዜ ቢሳካለት፥ ተመልካቹ ወጣት የሚማረው ልምዱን አይደለም፤ ሕግ አለመጠበቁን ነው። ልምድ በዓመታት እንጂ በመመልከት አይገኝምና። ስለዚህ «እኔ አቅሜን አውቃለሁ» የሚል ታላቅ ሰው፥ እርሱን እያየ አቅሙን ሳያውቅ የሚነሣው ልጅም በከፊል የእርሱ ዕዳ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል።

ስታርክ የእናቲቱን ክስ ወደ ልቡ አስገባው። እዚህ ላይ ሊመሰገን ይገባዋል። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ስድብ ሲደርስበት «እኔ በስፍራው አልነበርሁም» ብሎ ፊቱን ጠርጎ ይሄዳል፤ ይህንም ማለት ይችል ነበር። ነገር ግን ሐዘንን መስማት አንድ ነገር ነው፥ በሐዘን ሰዓት ሕግ ማውጣት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሐዘንተኛ ምን እንደ ጠፋ ከሁሉ ይልቅ ያውቃል፤ ስለ ጥፋቱም ከእርሱ የሚበልጥ ምስክር የለም። ወደፊት ምን ይደረግ የሚለውን ለመቍረጥ ግን የሰከነ ልብ ያስፈልጋል።

ልብ ባልሰከነበት ጊዜ የሚሆነውን መጽሐፉ ወዲያው ያሳየናል። ጆኒ ስቶርም የተባለ ሌላ ወጣት ጀግና አለ፤ ኀይሉ እሳት ነው። በስታምፎርድ ነገር ፈጽሞ እጁ የለበትም። ነገር ግን በአንድ ማታ ከጭፈራ ቤት በር ላይ ሕዝብ ከብቦ ደበደበው፤ ቆስሎም ሐኪም ቤት ገባ። የመቱት ሰዎች ፍርድ እየሰጡ ይመስላቸው ነበር። ነገር ግን ቍጣ ጥፋተኛውን ፈልጎ የማግኘት ትዕግሥት የለውም፤ በቅርብ ያገኘውንና ጥፋተኛውን የመሰለውን ይይዛል። መጠየቅ በሥርዓት ካልሆነ በቀል እንጂ ፍርድ አይባልም። ስለዚህ ጀግኖች ይጠየቁ የምንል ሰዎች ይህን ወጣት መርሳት አይገባንም።

ከዚህ በኋላ አንድ የሕግ ሐሳብ ቀረበ። ልዩ ኀይል ያለው ሰው ሁሉ እውነተኛ ስሙን ለመንግሥት ያስመዝግብ፤ ሥልጠና ይቀበል፤ እንደ ፖሊስም በመንግሥት ሥር ሆኖ ይሥራ፤ እምቢ ያለ ወንጀለኛ ይባል የሚል ነው። ጀግኖቹ በአንድነት ተሰብስበው ሲነጋገሩበት ሐሳባቸው ተከፈለ። አንዳንዶቹ ጊዜው ደርሷል አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ስማችን ከታወቀ ጠላቶቻችን ሚስቶቻችንንና ልጆቻችንን ይጎዱብናል አሉ። ሁለቱም ከንቱ ነገር አልተናገሩም።

ይህን ሕግ አጥብቆ የተቃወመው ካፒቴን አሜሪካ ነው። ሺልድ የተባለው የጸጥታ ድርጅት አለቃ ማሪያ ሂል በአየር ላይ በሚንሳፈፍ ታላቅ መርከብ ውስጥ አነጋገረችው፤ አልመዘገብም የሚሉትን ጀግኖች ለመያዝ መሪ እንዲሆንም ጠየቀችው። እርሱ እምቢ አለ። ጀግኖች በፖለቲካ ሥር ከገቡ ጠላት ማን እንደ ሆነ የሚነግሯቸው የዋሽንግተን ሹማምንት ይሆናሉ፤ ለሌላው ሕይወታቸውን የሚሰጡትን ጓደኞቼንም አላድንም አለ። ሕጉ ገና አልወጣም ነበር፤ ቢሆንም ወታደሮቹ መሣሪያቸውን አነጣጠሩበት። እርሱም ተዋግቶ፥ ወደ ውጭ ዘሎ፥ በሚበርር አውሮፕላን ጀርባ ላይ ወርዶ አመለጠ።

የዚህን ሰው ክርክር በሚገባ ለመመዘን ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል። ካፒቴን አሜሪካን የፈጠሩት ጆ ሳይመንና ጃክ ከርቢ የተባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው መጽሐፍ የመጋቢት 1941 ቀን ተጽፎበት ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ጀግናው ሂትለርን በቡጢ ሲመታ ይታያል፤ አሜሪካ ግን በዚያን ጊዜ ወደ ጦርነቱ ገና አልገባችም ነበር። የሂትለር መንግሥት ደግሞ ብዙ ግፉን የሠራው ሕግ እየጻፈ ነው። በ1935 በኑረምበርግ የወጡት ሕጎች አይሁድን ዜግነት የነፈጉ ሕጎች ነበሩ፤ የመንግሥት ማኅተምና ፊርማ አልጎደላቸውም። በጀግናው በራሱ አገርም በየካቲት 1942 ፕሬዚዳንቱ በፈረሙት ትእዛዝ ምክንያት ወደ 120,000 የሚሆኑ ከጃፓን ዘር የተወለዱ ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው በግዞት ሰፈር ተዘጉ፤ ከእነርሱም የሚበዙት የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። መንግሥት ስሕተቱን አምኖ በሕግ ይቅርታ የጠየቀው በ1988 ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር ሕግ ስለ ሆነ ብቻ ትክክል ነው የሚል ሰው እነዚህን ሁለት ታሪኮች ይመልከት። በመዝገብ ላይ የተጻፈ ስም መዝገቡን የያዘው እጅ ሲለወጥ ምን እንደሚደረግበት አይታወቅም። መጽሐፉም የወጣው በመስከረም 2001 በኒው ዮርክና በዋሽንግተን ላይ ከደረሰው አደጋ በኋላ፥ አሜሪካውያን «ደኅንነታችንን ለመጠበቅ ከነጻነታችን ምን ያህል እንስጥ?» እያሉ በሚከራከሩበት ዘመን ነበር። ብዙ አንባቢዎች በካፒቴኑና በስታርክ ጠብ ውስጥ የራሳቸውን ክርክር አዩ።

እንግዲህ ማን ልክ ነው? አሳታሚዎቹ መጽሐፉን ሲያስተዋውቁ አንባቢው ወገኑን እንዲመርጥ ይጋብዙ ነበር፤ ብዙ ወጣቶችም አንዱ የስታርክ፥ አንዱ የካፒቴኑ ደጋፊ ሆነው ተከራከሩ። ለገበያ ጥሩ ዘዴ ነው። ነገር ግን እውነትን ለሚፈልግ ሰው ወገን ከመምረጥ በፊት ነገሩን መለየት ይቀድማል። እዚህ ላይ ተደባልቀው የቀረቡ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንደኛው መጠየቅ ነው፥ ሁለተኛውም መሣሪያ መሆን ነው።

መጠየቅ ማለት ሰው ስለ ሠራው ሥራ መልስ መስጠቱ፥ ሥራውንም ለመሥራት የሚያበቃ ዕውቀት እንዳለው ማሳየቱ ነው። ይህን ማንም መልካም ሰው ሊጠላው አይገባም። ቀዶ ጥገና የሚያደርግ ሐኪም በአንድ ዓመት የሚያድነው ሰው ብዙ ነው፤ ሆኖም ሳይማር፥ ሳይፈተን፥ የሥራ ፈቃድ ሳይቀበል ቢላዋ እንዲያነሣ አይፈቀድለትም። ሕመምተኛው ቢሞትበት ምን እንዳደረገ ይጠየቃል። ይህን በመጠየቁ ተሰደብሁ የሚል ሐኪም የለም። መንገደኛ የሚያጓጕዝ አውሮፕላን ነጂም እንዲሁ ነው። የሰው ሕይወት በእጁ የሚገባ ሰው ሁሉ ይህን ሸክም አብሮ ይቀበላል። ታዲያ በአንድ እጁ ሕንጻ የሚያፈርስ ሰው ከሐኪሙ ያነሰ የሚጠየቅበት ምክንያት ምንድር ነው? «እኔ በፈቃዴ የምሠራ ነኝ» ቢል፥ ያለ ደመወዝ የሚያክም ሐኪምም ፈቃድ ያስፈልገዋል እንለዋለን።

መሣሪያ መሆን ግን ሌላ ነው። ያው ሐኪም «ይህን ሰው ግደል» ተብሎ ቢታዘዝ እምቢ ሊል ይገባዋል፤ ትእዛዙ ከማንም ይምጣ። ሥራውን ለማስመርመር ቃል ገባ እንጂ ኅሊናውን አልሸጠም። ካፒቴኑ የተጠየቀውም ስሙን እንዲያስመዘግብ ብቻ አልነበረም፤ ገና ባልወጣ ሕግ ጓደኞቹን እንዲያሳድድ ነው። ይህን እምቢ ማለቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ይህን እምቢ ሲል፥ የእናቲቱን ጥያቄም አብሮ ሳይመልሰው ሄደ። «ጓደኞቼን አላድንም» ማለት መልስ ነው፤ «ልጄ እንዴት እንዳይሞት ይደረግ?» ለሚለው ግን መልስ አይሆንም። ስታርክም በበኩሉ የእናቲቱን ጥያቄ ሰማ፤ የካፒቴኑን ግን አልሰማም። የመጀመሪያው ክፍል የሚያልቀው እርሱና ሁለት ሊቃውንት ጓደኞቹ በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ፊት ቆመው ካፒቴኑን እኛ እንይዝልዎታለን ሲሉ ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች የተለያዩት አንዱ እውነትን፥ አንዱ ሐሰትን ስለ ያዘ አይደለም። እያንዳንዱ የእውነትን አንድ ጎን ይዞ፥ የሌላውን ጎን ለመስማት ጆሮውን ስለ ደፈነ ነው።

የቀሩት ክፍሎች ይህን ያረጋግጣሉ፤ በአጭሩ እንለፋቸው። «ሁሉ ይጠየቅ» ብለው የተነሡት ሰዎች ራሳቸው የማይጠየቁ ሆኑ። ያልተመዘገቡትን ከዚህ ዓለም ውጭ በሆነ ወኅኒ ዘጉ፤ ጀግኖችን ለማሳደድ ነፍሰ ገዳዮችን ቀጠሩ፤ በጥበባቸው የፈጠሩት አንድ ፍጥረትም የገዛ ወዳጃቸውን ገደለ። ከዚህ የምንማረው ጠያቂም ጠያቂ እንደሚያስፈልገው ነው። ሕግ አስከባሪ ሲጠየቅ የሚቆጣ ከሆነ፥ ያስከበረው የገዛ ፈቃዱን ነው እንጂ ሕግን አይደለም።

ካፒቴኑ ደግሞ በ2007 በወጣው በ7ኛው ክፍል በኒው ዮርክ መንገድ ላይ በተደረገው ታላቅ ውጊያ ሊያሸንፍ በተቃረበ ጊዜ፥ ተራ ሰዎች ዘለው ያዙት። እርሱም ቀና ብሎ የፈረሰውን ከተማ አየ። ለሕዝብ ነው የምንዋጋው ሲል የነበረ ሰው ሕዝቡን እየጎዳ መሆኑን አወቀ። ውጊያውን አቁሞ፥ ጭምብሉን አውልቆ፥ እጁን ለእስራት ሰጠ። ብዙ አንባቢዎች ይህን እንደ ሽንፈት ቆጠሩት። እኔ ግን ጀግንነቱ ከምንጊዜውም ይልቅ የታየው በዚህ ነው እላለሁ። ጠላት የሆነበትን ሕግ ትክክል ነው አላለም፤ ግን እኔ ራሴ ምን አደረግሁ ብሎ በአደባባይ ቆመ። በድል አፋፍ ላይ ሆኖ ራሱን መጠየቅ የሚችል ሰው ጥቂት ነው።

አሁን በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ መልስ መስጠት እንችላለን። መልካም የሚሠራ ሰው ይጠየቃል፤ እንዲያውም መልካም ለመሥራት የተነሣው ስለ ሌላው ስለ ሆነ፥ ያ ሌላው የመጠየቅ መብት አለው። የቅን ልቦና ዋጋ የጥፋቱን ዓይነት መለየቱ ነው፤ ተሳስቶ ያጠፋና አውቆ ያጠፋ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ነገር ግን ቅን ልቦና የሞተውን ልጅ አያስነሣም፤ እናቲቱም መልስ ሳታገኝ እንድትመለስ አያደርግም። የሚጠይቀውም ወገን በሥርዓት ይጠይቅ፤ ያላጠፋውን አይምታ፤ ጥያቄውን የሰውን ኅሊና ለመግዣ አያድርገው፤ እርሱም በተራው ይጠየቅ።

ወጣት አንባቢ ሆይ! አንተ አትበርርም፤ ከእጅህም እሳት አይወጣም። ግን ኀይል የለኝም አትበል። ትምህርት ኀይል ነው፤ ገንዘብ ኀይል ነው፤ ጉልበት፥ አንደበት፥ በእጅህ ያለውም ስልክ ኀይል ነው። በእነዚህ መልካም ልትሠራ ስትነሣ ሦስት ነገር ለራስህ ንገር። ይህን ለመሥራት የበቃሁ ነኝን? ባልታይ ኖሮ እንዲሁ አደርገው ነበርን? ቢበላሽ የሚጎዳው ማን ነው? ከሠራህም በኋላ «ለምን?» የሚል ሰው ቢመጣ ጠላት መጣብኝ አትበል። ተቀምጠህ ስማው። በቁጣም ቢናገርህ ከቁጣው ውስጥ እውነቱን ለይ።

የራሱን ስም የሚወድ ሰው ሲጠየቅ ይሸሻል ወይም ይቆጣል፤ ጥያቄው ስሙን ይነካበታልና። ረዳሁት የሚለውን ሰው ከልቡ የሚወድ ግን ሲጠየቅ ይቆማል፤ የተረዳው ሰው በእውነት እንደ ተረዳ ወይም እንደ ተጎዳ ከዚያ ሌላ የሚያውቅበት መንገድ የለውምና።